ብዙ የለቀቀ ይናገር

የቆጮን ሽታ የማያውቅ እንግዳ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ሰሞኑን ሆሳዕና መናኸሪያ ቁጭ ብዬ፣ ከአንድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሲያወርዱ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ልይዝ የታገልኩት እንባዬን ነበር። በዚህ ዕድሜዬ መናኸሪያ መሃል አላለቅስም ብዬ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግኩ። ረዳቶቹ «አዲሳባ የሞላ! አዲሳባ!» ይላሉ፣ እኔ ግን የምጠብቀው የዱራሜውን ነበር። ልጄ እዚያ አስተማሪ ናት፤ «እማዬ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይና አብረን እንኑር» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ለሰው ሁሉ የምነግረው ጉልበቴን አሞኝ እንደምሄድ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ተወልጄ ባረጀሁባት ከተማ ቆጮ የሚሸጥልኝ ሰው ጠፍቶ ነው የተነሳሁት። የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛውን ለጎረቤት ትቼ፣ ጭንቅላቱን ነቅዬ በጆንያ ጠቅልዬ ከእግሬ ስር አስቀምጫለሁ። ተሸካሚው ከሚኒባሱ ሲያወርድልኝ «እናቴ፣ ምንድነው እንዲህ የሚከብደው?» ቢለኝ «ዕድሜዬ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

የከተማዬን ስም አልጠራም። ከሆሳዕና በፎንቆ በኩል ወጣ ብላ ያለች፣ ካርታ ላይ በመነጽርም ለመፈለግ የምታስቸግር ከተማ ናት። አባቴ ከሰሜን የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ ደጅ በሀዲይኛ ያደግኩ ነኝ። ሱቄ ሱቅ ለማለት ያህል ነው እንጂ ገበያው ዳር ያለ በረንዳ ነበር። ሸሚዝ በሁለት ብር እሰፋ ነበር፤ ሻይ አስር ሳንቲም፣ ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ደግሞ ሻዩን ጠጥቶ፣ ብስኩቱን በልቶ መልስ ይቀበላል። ያኔ የጎረምሳ ሁሉ ምኞት ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ የቴትሮን ሸሚዝና መሬት የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ ነበር። በእኛ ጭቃ ቦላሌ! ከገበያ ሲመለሱ የከተማውን ቀይ አፈር ግማሹን በሱሪያቸው ይዘውት ይገቡ ነበር፤ በማግስቱ እናቶቻቸው እያማረሩ ሊያሳጥሩት ወደ እኔ ያመጡታል። የጴንጤዎቹን የመዝሙር ቡድን ሰማያዊ ጋዋን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የእኛን የጥምቀት ቀሚስም እኔው ነኝ። ማታ ማታ እነሱ በጊታር ሲለማመዱ እግሬ ሳይታወቀኝ የመኪናዬን መርገጫ በእነሱ ምት ይመታ ነበር። የነፍስ አባቴ ይህን አልሰሙም።

ከበረንዳዬ ፊት ለፊት የቆጮ ተራ ነበር። ሴቶቹ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ ደርድረው፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ነጭነቱን ያሳያሉ። የእኔ ደንበኛ መጀመሪያ የታደለች እናት ነበረች፤ እሷ ስታርፍ ቦታዋን ታደለች ያዘች። እናትም ልጅም አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ቆጮውን ቆርጠው ሂሳቡን ከተቀበሉ በኋላ «ቆይ» ይሉና ከቡላው አንድ ጭብጥ ምርቃት ይጨምሩልኛል። አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ እጄ ግን ለምዶ ሳይታዘዝ ይዘረጋል።

ላምቤቦ ወደ ሕይወቴ የገባው በጠብ ነው። ከዱራሜ ተምሮ መጥቶ ማዘጋጃ ቤት የተቀጠረ፣ ፀጉሩ እንደ ጎመን ያበጠ፣ ቦላሌው ከሁሉ የሰፋ ወጣት ነበር። አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቆሞ «የጭነት መኪና መዞሪያ ስላጣ እነዚህ በረንዳዎች ይፈርሳሉ» አለ። «መጀመሪያ ያንተን ሱሪ እናጥብበው፣ መኪናው ያኔ ይዞራል» አልኩት። ገበያው ሳቀ፤ እሱ ተቆጣ፤ ነገሩ ከረረ። እኛ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ አንለቅም አልን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ፖሊስ አመጣለሁ አለ። ያኔ ነው አባባ ሄራሞ የተባሉት የእንሰት ገበሬ፣ የሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌ፣ ሁለታችንንም ቤታቸው የጠሩን።

አባባ ሄራሞ የእርቅ ቀን ከመቁረጣቸው በፊት «የማን ጾም ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ የእኛን ጾም አይጾሙም። ግን ሸንጎው ዓርብ ላይ ከወደቀ ቅቤ ያለበት ነገር ደጃቸውን አያልፍም፤ ድንች ይቀቀላል፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ይቀርባል፣ የቤቱ ሰውም ያንኑ ይበላል። «የተራበ ሰው አይታረቅም፣ ጾሙን ያስፈቱት ሰውም አይታረቅም» ይላሉ። ስምምነት ከተገኘ በኋላ ነው፣ የፍስክ ቀን ተጠብቆ፣ በቡላ፣ በቅቤና በወተት የተሠራው አጣካና በአንድ ገበታ የሚወጣው። ከተጣላኸው ሰው ጋር ከአንድ ገበታ እየዛቅክ ዓይኑን ላለማየት ሞክር እስቲ።

ግን የሳቸው ትልቁ ደንብ ሌላ ነበር። ስምምነቱን ለገበያው የሚናገረው ብዙ የለቀቀው ወገን ነው። ያገኘው ከኋላ ቆሞ ዝም ይላል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የመለሱልኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ያገኘ ከተናገረ ፉከራ ይሆናል። የለቀቀ ሲናገር ግን ሰው ያምነዋል። በገዛ ጉዳቱ የሚዋሽ ሰው የለም።»

የዚያን ጊዜ ብዙ የለቀቀው ላምቤቦ ነበር። በረንዳዎቹ ትንሽ ገባ ይላሉ እንጂ አይፈርሱም፤ የጭነት መኪና በገበያ ቀን አይገባም፤ በሌላው ቀን ይግባ ተባለ። በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሰፊ ሱሪ የሻይ ቤት ወንበር ላይ ወጥቶ ቆመ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ በአማርኛ ጀመረና ተንተባተበ፣ በሀዲይኛ ቀጠለ፣ ከዱራሜ ለመጡት ነጋዴዎች ደግሞ በከምባትኛ ደገመው። አለቃው ራቅ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ያየዋል። እሱ ግን ከተስማማነው አንዲት ቃል አላጎደለም፣ አንዲት ቃልም አልጨመረም። ሲወርድ ውሃ ሰጠሁት። ይሄ ሰው አሸንፌው የከበረብኝ ሰው ነው ብዬ ለባሌ ነገርኩት፤ ባሌም «አሁን ደግሞ ስለ እሱ ልንሰማ ነው» አለ።

ሰማም። ከዚያ በኋላ መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ታፔላ ስንት ጊዜ ቀለም ተቀየረለት፤ እኔና ላምቤቦ ግን በየዓመቱ አንድ የምንጣላበት ነገር አናጣም ነበር። የስጋ ቤቶቹ ቦታ፣ የቦኖ ውሃ ተራ፣ የሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። በድምፅ ማጉያው ጊዜ እሱ የእኛን ቅዳሴ ከሌሊቱ ጀምሮ መስማቱን፣ እኔ ደግሞ የእነሱን የአዳር ጸሎት መስማቴን እየተናዘዝን እስክንፈነዳ ስቀናል። ልዩነታችንን አንደባብቅም ነበር። እሱ «ግትር» ይለኛል፣ እኔ «የወረቀት ልጅ» እለዋለሁ። ነገር ግን እኔ የሌለሁበት ቦታ ስሜን በክፉ አንስቶ አያውቅም፤ የተናገርኩትን አጣሞ ለአለቆቹ አድርሶ አያውቅም። አባባ ሄራሞ ካረፉ በኋላም ደንባቸውን ሁለታችን ይዘነው ቆየን። አንዳንዴ እኔ ወንበር ላይ እወጣለሁ፣ አንዳንዴ እሱ። ገበያው እንደሆነ ማን እንደወጣ ሲያይ ነገሩ ማለቁን ያውቃል።

ይህን እያሰብኩ ቀና ስል፣ መናኸሪያው መሃል ላምቤቦ ራሱ ቆሟል። ያ ሁሉ ፀጉር የለም፤ በራ ላይ የተደፋ ግራጫ ባርኔጣ፣ ልጆቹ የገዙለት የሚመስል ኮት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው፤ የእሱ ግን አፉ አልነበረም ያመለጠው፣ የእኔ አፍ ነው። ካለፈው ክረምት መግቢያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ያኔ የሆነው ይህ ነው። የገበያው መንገድ ይሰፋል ተባለና የቆጮ ተራው በሙሉ፣ ከነበረንዳዎቹ ይነሳ የሚል ወሬ መጣ። ሴቶቹ ድንጋይ ለማንሳት ምንም አልቀራቸውም። የምክክር መድረክ ተጠራ፤ ፕላስቲክ ወንበር፣ የታሸገ ውሃ፣ ግድግዳው ላይ የተዘረጋ ባነር። ላምቤቦ ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ ግን የማዘጋጃ ቤቱን ወገን ሽማግሌዎች የሚመራው እሱ ሆነ። ገበያውን ወክዬ እኔ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን ተመላለስን! ሴቶቹን «አትሳደቡ፣ የምትፈልጉትን ንገሩት» እያልኩ፣ ባለሥልጣኑን «ስልክህን አስቀምጥና ስማት» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። በመጨረሻ ተስማማን። ይሰፋል የተባለው መንገድ ትንሽ ይጠባል፤ የተራው የላይኛው ግማሽ ይነሳል፣ የታችኛው ይቀራል፤ በረንዳዎቹ ግን ሁሉም ይለቀቃሉ። የእኔም አብሮ። አለቀስኩ፣ ግን ተስማማሁ። ግማሽ ከምንም ይሻላል፤ የአባባ ሄራሞ ትምህርትም ይኸው ነበር። ላምቤቦ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ ብዙ የለቀቀ ይናገር» አለ። እኔ አላነሳሁትም፤ እሱ ነው ያነሳው።

በገበያ ቀን የለስላሳ ሳጥን ተገልብጦ ቀረበልኝና ወጣሁ። «የላይኛው ይነሳል፣ የታችኛው ይቀራል፣ ቃል ተገባብተናል» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ላምቤቦ እንደ ደንቡ ከኋላዬ ቆሞ ዝም ብሏል። ስወርድ የታችኛዋ ተራ ታደለች እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ይቀራል ካሉ ቆርቆሮዬን ልቀይር? ክረምቱ መጣ፣ ያፈሳል።»

«ቀይሪ» አልኳት።

ቀየረች። አዲሱ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ከበረንዳዬ ድረስ ዓይን ይወጋ ነበር። ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ አንድ ጠዋት ዶዘሩ መጣና ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ጠራረገው። ያ ቆርቆሮ ሲጨማደድ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ከእንቅልፌ ያባንነኛል። ወደ ላምቤቦ ቤት ሮጥኩ፤ በሩ ተቆልፏል፣ አዲስ አበባ ልጆቹ ጋ ሄዷል አሉኝ። ቆይቶ ከዚያው መድረክ ላይ ከነበሩት አንዱ አፉን ሞልቶ ነገረኝ፤ ውሳኔው የተወሰነው እኛ ገና ወንበር ሳንይዝ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል። እኔ ደግሞ ከመዋልም አልፌ ቢላዋውን ያቀበልኩ በሬ ሆንኩ።

ሴቶቹ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አስፋልት ዳር ሸራ ወጥረው መሸጥ ሲጀምሩ ሄድኩ። ቆጮው ፊቷ ተከምሮ ታደለች አንገቷን ደፍታ «አልቋል፣ እትዬ» አለችኝ። ወደ ቀጣይዋ ሄድኩ። «አልቋል።» ሁሉም ጋ አልቋል። ገንዘቤን ይዤ፣ ባዶ ዘንቢሌን ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ቆጮ መሃል ተመለስኩ። በየገበያው ቀን እንዲሁ ሆነ። ዱራሜ የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ያኔ ነው።

ላምቤቦ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ለዘመድ ለቅሶ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ እየተመለሰ መሆኑን ነገረኝ።

«ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?» አለ።

«ጉልበቴ ደህና ነው። አፌ ነው የታመመው።»

መሬት መሬት አየ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት። «አላውቅም ነበር» እንዲለኝ በልቤ ለመንኩ። ቢዋሸኝ ኖሮ ምናልባት አምኜው ዱራሜ እሄድ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ። «ከላይ የመጣ ነበር፣ ብዙነሽ። እኔ ባልስማማስ ይቀር ነበር? ሴቶቹ ያን ሰሞን እንዴት እንደነበሩ አይተሻል። ድንጋይ ይወረወር ነበር፣ ጥይት ይተኮስ ነበር። ነገሩ በርዶ፣ አንድም ሰው ሳይቆስል አለፈ። እሱን ለምን አታስቢውም?»

«ለምን በእኔ አፍ?»

«ሌላ ማንን ያምኑ ነበር?»

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። እያሞገሰኝ ነበር የመሰለው። ያ ሁሉ ዓመት አብረን የበላነው አጣካና፣ የሳቅነው ሳቅ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ የወረደው ላብ፣ ያ ሁሉ የሰው እምነት በጥቂት በጥቂቱ ተጠራቅሞ፣ ለካ ለአንድ ጠዋት የሚበቃ የእንቅልፍ ኪኒን ተቀምሞበታል። ተቃዋሚዬ ቢሆን አልከፋኝም ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ተቃዋሚዬ ነበር። ያቃጠለኝ ተቃዋሚዬ መሆኑን ትቶ ወዳጄ መስሎ ከኋላዬ መቆሙ ነው።

«በል ተነስ» አልኩት። «ዛሬ የእኛ ገበያ ቀን ነው። አብረን እንሂድና ሴቶቹ ፊት ቆመህ ‹እኔ አውቅ ነበር፣ እሷ አታውቅም ነበር› በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ባርኔጣውን አወለቀ። «እዚሁ ይቅርታ እልሻለሁ። ብትፈልጊ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ።»

«እኔን በገበያ አዋርደህ በመናኸሪያ ጥግ ይቅርታ? ተው እንጂ ላምቤቦ። ይህን ከአባባ ሄራሞ አልተማርክም።»

«ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፤ ነገር ይደርስባቸዋል። ስሜም…»

«ስሜ አልክ?»

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት «አባት፣ ይግቡ፣ እንሂድ!» ብሎ ጮኸ። ላምቤቦ ተነስቶ ባርኔጣውን ደፋ። ሲሳፈር ከኋላ አየሁት፤ ትከሻው ወድቋል። አዘንኩለት ብል አልዋሸሁም፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። አውቶቡሱ ጭሱን ለቆብኝ ሄደ።

የዱራሜው መጣ። ተሸካሚው ጆንያዬን አንስቶ ወደ በሩ ሲያመራ «አይደለም፣ ወዲያ» አልኩት፣ የከተማዬን ሚኒባስ እያሳየሁ። «ዱራሜ አላሉም እንዴ፣ እናቴ?» ቢለኝ «አልጨረስኩም» አልኩት።

ሚኒባሱ አስፋልት ዳር ሴቶቹ ሸራ የወጠሩበት ቦታ አወረደኝ። የምወጣበት ሳጥን የለም፣ የጠራኝም የለም። ጆንያዬን መሬት አኑሬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ መሃላቸው ቆምኩ።

«ስሙኝ!» አልኩ በሀዲይኛ፤ ከዚያም በአማርኛ። «ደንቡ ብዙ የለቀቀ ይናገር ይላል። እናንተ ቦታችሁን ለቃችኋል፣ እኔ ቃሌን አጥቻለሁ፤ ስለዚህ እናገራለሁ። ግማሹ ይቀራል ብዬ ስነግራችሁ ሁሉም እንዲነሳ ተወስኖ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር። የሚያውቀው ሰው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዛሬ በገዛ አፉ ነገረኝ፣ መጥቶ እንዲነግራችሁ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ነገ ደግሞ ለዚህም ቦታ ስብሰባ ይጠሯችኋል። አትቅሩ፤ ሂዱ። ሳትሳደቡ ተናገሩ፣ የሚሏችሁንም ስሙ። የሚለቀቅ ካለ ልቀቁ። ግን የሚወስነው ሰው ራሱ መጥቶ ወንበር ይያዝ። መወሰን ከማይችል ሰው ጋር አትስማሙ። መጨረሻ ላይም እሱ ራሱ እዚህ ቆሞ ይናገር።»

ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ሴት ሸራዋን አጠበቀች። አንዱ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ከፊቴ ታደለች ቢላዋዋን ይዛ ቁጭ ብላለች።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ወዲህ ጠጋ ይበሉ። ገዢ ከለሉብኝ።»

ጠጋ አልኩ። ከዚያ «ቆጮ አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቅጠሉን ገለጠች፣ ቆረጠች፣ ጠቀለለች፣ ዋጋውን ነገረችኝ። ለመንገደኛ የሚነገረው ዋጋ ነበር። አልተከራከርኩም፣ ከፈልኩ። እጄ በልማዱ ለቡላው እንደተዘረጋ ቀረ። ታደለች ፊቷን ወደ ሌላ ገዢ አዙራለች፤ ምርቃት አልጨመረችልኝም። ቆጮዬን ብብቴ ስር ሸጉጬ፣ ጆንያዬን የሚያነሳልኝ ሰው ፈልጌ፣ የመኪናዬን ጠረጴዛ ከጎረቤቴ ልመልስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።